ጉሉኮሱን ማን አዘዘው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ቅዳሜ ስለ አኖሬክሲያ፣ ውፍረትን ፈርቶ ራስን ስለሚያስርብ የአእምሮ ሕመም፣ ያወጣችሁት ዘገባ «እንደ ወሎ ረሃብን በሚያውቅ አገር ይህ በሽታ አይታሰብም» ይላል። እግዜር ይስጥልን! ስማችን የሚነሳው የ66ቱ ድርቅ ሲወሳ ብቻ ነበር፤ አሁን መታመምም ተከለከልን። ደሴ ላይ ምግብ የምትሸሽ ልጅ በሁዳዴም በረመዳንም «ጾም ላይ ነኝ» ካለች ማን ይጠይቃታል? ጋቢ ደርባ ብትንቀጠቀጥ «የጦሳ ተራራ ብርድ ነው» ይባላል። የልብ ምቷ በደቂቃ ከ40 በታች መውረዱን ቆጥሮ የሚያይ የለም።

ይሄንስ ተውኩት። ያናደደኝ መጨረሻው ነው፤ «ጉሉኮስ ተተክሎላት፣ ቅቤ የጠገበ ገንፎ በልታ በሦስት ቀን ቆመች»።

ለሳምንታት ያልበላ ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ነው የሚቆየው። ስኳር በድንገት ሲገባ ኢንሱሊን ይፈሳል፤ ኢንሱሊኑ ደም ውስጥ የቀረውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ጠራርጎ ሴል ውስጥ ይከታል። ያን ጊዜ ልብ ምቱን ይስታል፣ የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል። እግሯ ያብጣል፤ ቤተሰብ ደግሞ «ሥጋ አወጣች» ብሎ እልል ይላል! ስኳሩ የተረፈውን ታያሚንም (ቫይታሚን ቢ1) ይጨርሰዋል፤ ዓይኗ ይዋልላል፣ ስትራመድ ትንገዳገዳለች፣ ትቀባዥራለች።

ስለዚህ ታያሚን ከጉሉኮሱም ከገንፎውም ይቀድማል። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሳል፤ ሦስቱ ማዕድናት በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይለካሉ፣ የጎደለው ይተካል። አደጋው ከፍ ላለባት አዋቂ ምግቡ ሆስፒታል ተኝታ በቀን ለእያንዳንዱ የክብደቷ ኪሎ 10 ካሎሪ ገደማ ተጀምሮ ከ4 እስከ 7 ቀን እያደገ ይሄዳል፤ ክትትሉ ጥብቅ በሆነበት ከዚያ ከፍ ብሎም ይጀመራል።

ወሎ ረሃብን ያውቃል ካላችሁ አይቀር፣ ያወቀውን ብትጠይቁትስ? በረሃብ ለተጎዳ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለው ለምን ይመስላችኋል? ጠንከር ያለው ኤፍ-100 የሚከተለው ልጁ ሲረጋጋ ነው። ይህን የኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ነርስ በቃሏ ትነግራችሁ ነበር።

የበሉትን ሆን ብለው የሚያስመልሱትንማ ጭራሽ ረስታችኋቸዋል። ክብደታቸው ደህና ሆኖ ፖታሲየማቸው ልባቸውን እስኪያቆም ሊወርድ ይችላል። ጥርሳቸውን አሲድ ይበላዋል፤ ካስመለሱ በኋላ አፋቸውን በውሃ ይጉመጥመጡ እንጂ ወዲያው ብሩሽም መፋቂያም አይንኩ።

ማስተካከያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው ፊደል መጠን አውጡልን። ቶሎ ይሁን፤ ዘገባችሁን ያነበበች እናት እስካሁን ቅቤ እያነጠረች ይሆናል።

ከደሴ፣ አንዲት ነርስ