የሙዚቃ መሰናዶ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሙዚቃ መሰናዶ ክበብ ዘንድሮም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ለ50 ደቂቃ ሲሠራ ቆይቷል። አባላቱ በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው 5ኛና 6ኛ ክፍል ያሉ፣ መካከለኛ ደረጃ ሲደርሱ ባንድ ወይም ኦርኬስትራ መግባት የሚፈልጉ ልጆች ናቸው። እዚህ አሜሪካ በዚያ ደረጃ ባንድ ሲባል የትንፋሽና የምት መሣሪያዎች፣ ኦርኬስትራ ሲባል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ባስ ብቻ ማለት ነው። ሁለቱም የምርጫ ትምህርቶች ናቸው። የምርጫ ቅጹ በብዙ ቦታ የሚመጣው በክረምቱ (በዊንተር) አጋማሽ፣ ለቀጣዩ የትምህርት ዓመት ነው። ቅጹ ከልጁ ቦርሳ ሳይወጣ ቀኑ ካለፈ ክበቡ የሚያደርገው ነገር የለም።

የክበቡ ሥራ የሚነሳው ከአንድ ነጥብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት «አልችልም» ብሎ የሚተው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፈው ሙዚቃው ሳይሆን መሣሪያው ነው፤ አየር የሚያሾልክ ክላሪኔት፣ ለክንዱ የረዘመ ቫዮሊን፣ ጫፉ የተሰነጠቀ ሪድ (ክላሪኔትና ሳክስፎን አፍ ላይ የሚታሰረው፣ ሲነፋ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ)። ልጁ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ጥፋቱን ራሱ ላይ ያደርጋል፤ ወላጅም «ተሰጥኦ የለውም» ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ ለመሣሪያ ምርጫና አያያዝ የሰጠነው ጊዜ ለመጫወቱ ከሰጠነው አያንስም።

እስከ ታንክስጊቪንግ የሠራነው በእጅና በእግር ብቻ ነበር። እግር ምቱን ይረግጣል፣ እጅ ኖታውን ያጨበጭባል፣ አፍ ይቆጥራል። በሰንበት ትምህርት ቤት ከከበሮ ጋር ያደጉት ልጆቻችን ለሦስት የሚከፈል ምት አላስቸገራቸውም፤ 6/8 ሲሰጣቸው ወዲያው ገቡበት። ያስቸገራቸው እኩል ለሁለት የሚከፈለው ነው፤ ሁለቱ ስምንተኛ ኖታዎች አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ ይወጣሉ። መፍትሔው ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 66 ምት ላይ አድርጎ «አንድ-እና፣ ሁለት-እና» ማለት ነው፤ «እና» በተባለ ቁጥር እግር ከወለል ተነስቶ ላይ መድረስ አለበት። ይህ ሳይጠራ ፍጥነት መጨመር ስህተቱን ማስለመድ ይሆናል።

ቀጥሎ እስከ እረፍቱ ድረስ ሶፕራኖ ሪከርደር ይዘናል። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ከንፈርም አያስቸግርም። ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ ከታች ይሆናል። ፍሉት፣ ክላሪኔትና ሳክስፎንም በዚሁ ቅደም ተከተል ስለሚያዙ እዚህ የተገለበጠ እጅ በኋላ ለማረም ብዙ ያደክማል። ድምፁ ሲያፏጭ ቤት ውስጥ የሚባለው «ቀስ ብለህ ንፋ» ግማሹን ያቃናል። ሌላው ግማሽ ጣት ነው። ልጁ ተጫውቶ ሲያበቃ የጣቶቹን ሆድ ተመልከቱ፤ የቀዳዳው ክብ ምልክት ሙሉ ሆኖ ካልታተመ ቀዳዳው አልተደፈነም።

ከጃንዋሪ ጀምሮ ልጆቹ መሣሪያ በየተራ ሞከሩ። ፍሉት የሚሞከረው በራስጌው ክፍል ብቻ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጥርት ያለ ድምፅ የሚያወጣ አለ፣ ቀናት የሚፈጅበትም አለ። የላይኛው ከንፈሩ መሃል ላይ ወደ ታች ሾጠጥ ያለ ልጅ አየሩ ለሁለት ስለሚከፈልበት ሊቸገር ይችላል። ክላሪኔት ላይ የሚታየው የጣት ስፋት ነው። ጥርሱ ላይ ብሬስ ያለበት ልጅ የትራምፔት ትንሽ ማውዝፒስ (አፍ የሚያርፍበት ክፍል) ከንፈሩን ሊያቆስለው ይችላል፤ ትሮምቦን ላይ ግን ማውዝፒሱ ሰፊ ስለሆነ ይቀለዋል። ትሮምቦን ደግሞ ክንድ ይፈልጋል፤ ድምፅ ለመቀየር የሚሳበው ቱቦ ሲዘረጋ ቢያንስ 6ኛው ቦታ ላይ መድረስ አለበት። ድራም የሚፈልገው ልጅ ቁጥር ሁልጊዜ ከቦታው ይበልጣል። የባንድ መሪዎች ለምት ክፍል የሚፈልጉት ኖታ አንብቦ ደወሎቹን (እንደ ፒያኖ ቁልፍ የተደረደሩትን ብረቶች) በመዶሻ መምታት የሚችል ልጅ እንጂ ጠረጴዛ የሚደበድብ አይደለም፤ ይህንን ለልጆቹ ቀድመን ነግረናቸዋል፣ ጥቂቶቹ ሐሳባቸውን ቀይረዋል።

የቫዮሊን ልክ በዕድሜ አይወሰንም። ቫዮሊኑ ትከሻ ላይ ሆኖ ግራ ክንድ ሲዘረጋ መዳፉ የራስጌውን ጥምዝ ያቅፋል፤ ጣቶቹ ዙሪያውን መታጠፍ ካልቻሉ መሣሪያው ትልቅ ነው። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው 3/4 የሚባለውን አነስ ያለ ልክ ወይም ሙሉውን ይይዛል። «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት ለጫማ ይሠራ ይሆናል፣ እዚህ ግን አንጓ ያጣምማል።

መግዛት ወይስ መከራየት ለሚለው የክበቡ ምክር ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ተከራዩ። ኪራዩ እንደ መሣሪያው ብዙ ጊዜ በወር ከ20 እስከ 40 ዶላር ነው፤ ሳክስፎን ከዚያ ያልፋል። ውል ስትፈርሙ የጥገና ዋስትና መኖሩን፣ የከፈላችሁት ከግዢ ዋጋ መቀነሱን፣ ቫዮሊን ከሆነ ደግሞ ልጁ ሲያድግ ልኩን መለወጥ መቻሉን ጠይቁ። ቱባ፣ ባስና ሌሎች ትልልቆቹን ብዙ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ያውሳሉ። ከኢንተርኔት በርካሽ የሚመጣው ባለቀለም መሣሪያ ቁልፎቹ በለስላሳ ብረት ስለሚሠሩ ቶሎ ይጣመማሉ፤ መለዋወጫ ስለማይገኝለት ጠጋኞች አይቀበሉትም።

ከዘመድ የተገኘ መሣሪያ ካለ ከመጀመሩ በፊት ይፈተሽ። ለክላሪኔት የላይኛውን አካል ብቻ ይዛችሁ ቀዳዳዎቹን በጣት፣ የታችኛውን ጫፍ በመዳፍ ደፍናችሁ ከላይ አየሩን በአፍ ሳቡ። ሳብ አድርጎ ከያዘ ደህና ነው፤ አየር ከገባ ፓዶቹ (ከቁልፎቹ ሥር ቀዳዳ የሚደፍኑት ለስላሳ ንጣፎች) ደርቀዋል፣ ጠጋኝ ዘንድ ይሂድ። ትራምፔት ላይ ቫልቮቹ (በጣት የሚጫኑት) 1፣ 2፣ 3 ተብለው ተቆጥረዋል፤ ሲወለወሉ ቦታቸው ከተለዋወጠ አየሩ አያልፍም፣ ልጁም እስኪቀላ ቢነፋ ምንም አይወጣም። ለእያንዳንዱ ቫልቭ ጥቂት ጠብታ ዘይት ይበቃል። ማውዝፒስ ከተጣበቀ በፒንሳ አትንኩት፤ ቱቦውን ይጠመዝዘዋል። የባንድ መምህራን መንቀያ አላቸው።

ሪድ ለጀማሪ ቁጥር 2 ወይም 2½ ነው። ቢያንስ ሦስት ይያዝና በየተራ ይሠራበት፣ አንዱ ሁልጊዜ ይሰበራልና። በምራቅ ረጥቦ ጠፍጣፋው ፊት ማውዝፒሱ ላይ ይቀመጣል፤ ጫፉ ከማውዝፒሱ ጫፍ ጋር እኩል ሲሆን ከላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ብቻ መታየት አለበት። ዝቅ ካለ ያፏጫል፣ ከፍ ካለ አይናገርም። ቫዮሊን ላይ ደጋኑ ሲወጠር በፀጉሩና በእንጨቱ መሃል የእርሳስ ውፍረት ያህል ይቀራል፤ ከተጫወቱ በኋላ ይላላል። አዲስ ሮዚን (የደጋኑ ፀጉር የሚቀባው ደረቅ ሙጫ) ልሙጥ ስለሆነ በአሸዋ ወረቀት ካልተፋቀ ደጋኑን አይዝም። በዚህ ምክንያት «ቫዮሊኑ ተበላሽቷል» ተብሎ የመጣ ነበር።

በጸደይ አብረን መጫወት ስንጀምር የገጠመን ጉዳይ ሁሉም ወረቀቱ ላይ ያለውን ሲ ሲነፋ የተለያየ ድምፅ መውጣቱ ነው፤ አንዱ ድምፅ በየመሣሪያው ወረቀት ላይ የሚጻፍበት ስም ይለያያልና። የባንድ መሪ «ኮንሰርት ቢ ፍላት» ሲል ሁሉም ያንኑ ድምፅ እንዲያወጡ ፍሉትና ትሮምቦን ቢ ፍላት፣ ክላሪኔትና ትራምፔት ሲ፣ አልቶ ሳክስፎን ጂ ይነፋሉ። ለማለማመጃ የመረጥነው የትዝታ ሜጀር ቅኝትን ነው። ከቢ ፍላት ሲነሳ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ ይሆናል፤ ለክላሪኔት ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ማለትም ወደ ላይኛው ድምፅ ለመሻገር ከሚያስቸግረው ቦታ በታች ነው። ለቫዮሊን ግን ቢ ፍላት ለጀማሪ ጣት አይመችም። ከዲ ሲነሳ ዲና ኤ ባዶ ክር፣ ኢና ቢ 1ኛ ጣት፣ ኤፍ ሻርፕ 2ኛ ጣት ሆኖ በሁለት ክር ያልቃል። ስለዚህ በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ሁለቱ ቡድኖች ለየብቻ ቀረቡ። ጆሯቸው ቅኝቱን ከቤት ስለሚያውቀው የሳቱትን ድምፅ ሳይነገራቸው ያርሙ ነበር፤ ከማናውቀው የመልመጃ ዜማ ይልቅ ይህን የመረጥነው ለዚሁ ነው።

የቤት ልምምድ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሁን። የአንድ ሳምንቱን ዓርብ ማታ ማጠራቀም አይሠራም፣ በተለይ ለትራምፔት፤ ከንፈር ይደክማልና አሥር አሥር ደቂቃ ሆኖ ቢከፈል ይሻላል። አፓርታማ ውስጥ ላላችሁ የመሣሪያውን ድምፅ የሚቀንስ የልምምድ ማፈኛ ይሸጣል። ከዳቦና ከጁስ በኋላ ግን አፍ ሳይታጠብ አይነፋ፤ ስኳሩ ፓድና ቫልቭ ያጣብቃል።

በሴፕቴምበር የሚመዘገቡ ልጆች ሪከርደር፣ እርሳስና የኖታ ደብተር ብቻ ይዘው ይምጡ። ሙከራው እስኪያልቅ ድረስ መሣሪያ አትግዙ፣ አትከራዩም። ቤት ያለ አሮጌ መሣሪያ ካለ ከነሣጥኑ በመጀመሪያው ቅዳሜ አምጡት፣ አብረን እንፈትሸዋለን።