ደጋን የሚገዛው በራስ ክንድ ተለክቶ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ በኖቬምበር አጋዘን እየዘለለ መኪና ላይ ስለሚወጣበት ነገር የጻፋችኋትን አነበብኳት፣ እኔም ሥራዬ ማታ መንዳት ስለሆነ እያንዳንዷ ቃል ገብታኛለች፣ ግን መጨረሻዋ ላይ አንዳንድ ወገኖቻችን በቀስት ማደን ጀምረዋል ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። ከነዛ ሰዎች አንዱ ነኝ፣ ያቺ አንድ መስመር ስላልበቃችኝ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ረዘም ቢልም እባካችሁ ሳትቆርጡ አውጡልኝ።

የምኖረው ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ አጋዘን ስለበዛበት ፓርኮቹ ውስጥ በቀስት የሚታደንበት ፕሮግራም አለው፣ ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ። ዝም ብሎ ግን አይገባም፣ የአዳኞች ኮርስና ላይሰንስ ይጠየቃል፣ የወንጀል ሪከርድ ይጣራል፣ ታርጌት ላይ ተኩሰህ ፈተና ታልፋለህ፣ ከዛ ዛፍ ላይ ከታሰረ መቀመጫ ሆነህ ቁልቁል ነው የምትተኩሰው። ይሄን ያነሳሁት ብዙ የኛ ሰው ነገሩን እንደ ድብቅ ሥራ ስለሚያየው ነው፣ አንድ ጎረቤቴ «ፖሊስ አይዝህም እንዴ?» ብሎኛል፣ እኔ ደግሞ የካውንቲው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። እዚህ ዲር የሚሉትን ሁላችንም አጋዘን እንለዋለን፣ ልማድ ሆኗል እኔም እላለሁ፣ የአገራችን አጋዘን ግን ቀንዱ የተጠማዘዘው ነው፣ ቀንዱን አይጥልም፣ የዚህ አገሩ በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ደጋን ስል ደግሞ እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትን አስቡና ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር ጨምሩበት። ኮምፓውንድ ቦው የሚባለው እሱ ነው፣ ሚዙሪ ይኖር የነበረ ሆለስ ዊልበር አለን የሚባል ሰው ነው የፈጠረው፣ የፈጠራ መብቱን በ1966 ጠይቆ በ1969 አገኘ። መዘውሮቹ ካም ይባላሉ፣ ሥራቸው ምን መሰለህ፣ ስትስብ መጀመሪያ ይከብድሃል ከዛ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ክብደቱ ክንድህ ላይ ይቀልልሃል፣ ይሄ መቅለል ሌት ኦፍ ይባላል፣ አሁን ያሉት ደጋኖች ከ80 እስከ 90 በመቶ ያቀሉልሃል። አጋዘኑ ዞር እስኪልልህ ድረስ ስበህ መጠበቅ የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስንቀመጥ የሚጠይቁኝ ወንድሞች ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፣ ከደጋን ኩባንያዎቹ ማቲውስ ይሻላል ሆይት ይሻላል፣ ቦውቴክስ እንዴት ነው፣ የትኛው ነው ፈጣኑ? መኪና እንደምንመርጠው ነው የምንመርጠው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ደጋኔን ከኢንተርኔት ከአንድ ሰው ያገለገለ ገዛሁ፣ ክብደቱ፣ ማለትም ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት፣ 70 ፓውንድ ተደርጎ የተሞላ፣ የመሳቢያ ርዝመቱ፣ አውታሩ ተስቦ የሚደርስበት ማለት ነው፣ 30 ኢንች፣ የሰውየው ቁመት በር የሚሞላ ነው፣ እኔ መካከለኛ ሰው ነኝ። ርካሽ ስለሆነ ደስ አለኝ፣ ፈጣን ነው ሲሉኝ ደግሞ ባሰብኝ። ቤት ጓሮ ታርጌት ላይ በቲሸርት ስተኩስ ችግር ያለብኝ አልመሰለኝም።

ኖቬምበር ላይ በጣም ብርድ በሆነ ጠዋት ዛፍ ላይ ሁለት ሰዓት ከተቀመጥኩ በኋላ አንዲት እንስት መጣች፣ 20 ያርድ አትሞላም። ልስበው ስል ክንዴ ደርቋል፣ ጃኬቱም ወፍራም ነው፣ ደጋኑን ወደ ሰማይ ካላነሳሁት አልሳብ አለኝ፣ እሷ እንቅስቃሴዬን አይታ ቀና አለች፣ እኔ ደነገጥኩ፣ ርዝመቱ ለኔ ስለማይሆን እጄ ፊቴ ላይ የሚያርፍበት ቦታ የለውም ይዋልላል፣ ቸኩዬ ለቀቅኩት። ሳንባዋን ስቼ ሆዷን መታኋት። ሆድ የተመታ አጋዘን ወዲያው አይከተሉትም፣ ቢያንስ ስድስት ስምንት ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ጠበቅኩ፣ ከዛ እስኪመሽ ፈለግኩ፣ በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ፈለግኩ፣ የደሙ ነጠብጣብ ወንዙ ዳር ሲደርስ ጠፋ። አላገኘኋትም። እስከ ዛሬ ድረስ ትታየኛለች። ያን ዓመት ደጋን አልነካሁም፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። ፈጣን ፈጣን ስትሉ የምቆጣው ለዚህ ነው ወንድሞቼ፣ በማይሆንህ ደጋን የሚከፍለው እንስሳው ነው።

ስለዚህ አዲስ ለመግዛት ስነሳ ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የተለካው እኔ ነበርኩ። ሁለት እጅህን ዘርግተህ ከመሀል ጣት ጫፍ እስከ መሀል ጣት ጫፍ በኢንች ትለካና ለ2.5 ታካፍላለህ፣ የኔ 70 ሆነ ስለዚህ 28 ነኝ፣ ያ ሁሉ ጊዜ በሁለት ኢንች ትርፍ ነበር ስተኩስ የኖርኩት! ይሄ ስሌት መነሻ ነው፣ ከዛ ባለሙያው ስበህ ስትቆም አይቶ ግማሽ ኢንች ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። የትኛው ዓይንህ እንደሚያነጣጥርም ማየት አለበት፣ ቀኝ እጅ ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚበልጥበት ሰው አለና።

ክብደቱን ደግሞ እንዲህ ፈትኑት። ወንበር ላይ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን ከመሬት አንሱ፣ ደጋኑን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታርጌቱ እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ወደ ላይ ካነሳችሁት ወይ ወገባችሁ ከተጣመመ በዝቶባችኋል፣ በቃ ቀንሱት፣ እልህ አያስፈልግም። እኔ 60 ያዝኩ ሲባል ሱቁ ውስጥ የቆመ አንድ ጎረምሳ ፈገግ አለ፣ እኔ ደግሞ ወደ 55 አስወረድኩት። 25 ኪሎ ማለት ነው፣ በ85 በመቶ ሌት ኦፍ ሙሉ ስበህ ስትይዘው ክንድህ ላይ የሚቀረው ወደ 8 ፓውንድ ነው። ነጭ ጭራ የሚባለው የዚህ አገሩ አጋዘን በ20 ያርድ፣ ጎኑን ሰጥቶህ ከቆመና የፍላጻህ ጫፍ ላይ ያለው ምላጭ ስለት ከሆነ 55 ከበቂ በላይ ነው፣ ጎረቤታችን ሜሪላንድ እንኳን በሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ 30 ፓውንድ ነው። ሲሸጡላችሁ ሱቅ ውስጥ ነው ሙቀት ነው፣ ስታድኑ ብርድ ነው፣ ይሄን ብቻ አትርሱ።

የፍጥነቱን ነገር ልንገራችሁ። ደጋኑ ላይ 335 ጫማ በሰከንድ 340 ጫማ በሰከንድ ተብሎ የሚለጠፈው ቁጥር በ70 ፓውንድ፣ በ30 ኢንችና በ350 ግሬን ቀላል ፍላጻ የተለካ ነው። የኔ 28 ኢንች ነው፣ 55 ፓውንድ ነው፣ ፍላጻዬ 420 ግሬን ነው፣ 27 ግራም ገደማ፣ ሱቁ ማሽን ላይ ሲለካ 250 አካባቢ ሆነ። ታዲያ ምን ጎደለብኝ? ድምፅ በሰከንድ ወደ 1,100 ጫማ ነው የሚሄደው፣ 20 ያርድ ላይ የቆመ አጋዘን የአውታሩን ድምፅ ሰምቶ ጎንበስ ለማለት ሲጀምር ፍላጻው ገና መንገድ ላይ ነው፣ 250 ይሁን 300 ይሁን ያው ነው፣ ድምፅን የሚቀድም ደጋን የለም። ስለዚህ የሚያዋጣው ፀጥ ያለ ደጋን ነው። አራት ደጋን በተራ ተኩሼ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን አዳመጥኩ፣ የመረጥኩት በወረቀት ላይ ከአራቱ ቀርፋፋ የሚባለውን ነው፣ እጄ ላይ ግን ንዝረት የለውም፣ ከካም እስከ ካም 31 ኢንች ስለሆነ ዛፍ ላይ አያስቸግርም፣ በጣም አጭር ደጋን ደግሞ ለጀማሪ አይረጋም።

ዋጋ። የታወቁት ኩባንያዎች የዓመቱ አዲስ ሞዴል ባዶውን ከ1,200 ዶላር በላይ ነው፣ ከዛ ማነጣጠሪያው፣ የፍላጻ ማሳረፊያው፣ መያዣው፣ አውታሩን የሚለቅልህ ሪሊዝ የሚባለው፣ ፍላጻዎቹ፣ ሁሉም ለብቻ ይገዛሉ፣ ሳታስበው ብዙ መቶ ዶላር ይጨምራል። ሁሉ ነገር ተገጥሞለት የሚሸጥ ደጋን ግን 500 ዶላር አካባቢ ይገኛል፣ ለጀማሪ እሱ ይበቃል ባይ ነኝ፣ የተረፈህን ብር ፍላጻና ልምምድ ላይ አውለው። ያገለገለ መግዛትም ነውር የለውም፣ ግን በልክህ የሚስተካከል መሆኑን ሳታይ ብር አትስጥ፣ አውታሩ ጸጉር አውጥቶ እንደሆነም እይ፣ በሁለት ሦስት ዓመት ይቀየራልና ዋጋው ላይ ደምረው። ደግሞ ባዶውን ስቦ መልቀቅ፣ ያለ ፍላጻ ማለቴ ነው፣ ፈጽሞ አይደረግም! ፍላጻው ይዞት ይሄድ የነበረው ጉልበት ሁሉ ተመልሶ ደጋኑ ውስጥ ይገባል፣ ይሰበራል፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ቤት ልጅና እንግዳ ካለ የሚሰቀልበትን ቦታ አስቡበት።

ባለቤቴም ባለፈው ዓመት ጀምራለች። ለእሷ የገዛነው ቤር ክሩዘር የሚባለውን ነው፣ ከ5 እስከ 70 ፓውንድ፣ ከ12 እስከ 30 ኢንች ይስተካከላል፣ ልጃችንም ሲያድግ ይይዘዋል። በ40 ፓውንድ ነው የምትተኩሰው፣ ትከሻዋን ሳታናውጥ ቀስ ብላ ስለምትስብ ከኔ ይልቅ የእሷ ፍላጻዎች ተቀራርበው ነው የሚያርፉት፣ እህቶችም ይሄ የወንድ ነገር ነው ብላችሁ እንዳትተዉት።

ፍላጻው ከደጋኑ ጋር መመጣጠን አለበት፣ ጥንካሬው ለ70 ፓውንድ የተሠራውን በ55 ከተኮስከው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይሄንን ሱቁ ይመርጥልሃል። የምላጩ ስፋት ቨርጂኒያ ውስጥ ቢያንስ 7/8 ኢንች፣ ማለትም አንድ ኢንች ለስምንት ተከፍሎ ሰባቱን እጅ፣ መሆን አለበት። ሲመታ ከሚከፈተው ይልቅ ቋሚውን ምላጭ ነው የምወደው፣ በቀላል ክብደት ስለምተኩስ ጉልበቴን መክፈቻው ላይ እንዲያባክንብኝ አልፈልግም።

ሥጋውን በተመለከተ፣ አጋዘኖቹ በጣም የሚንቀሳቀሱት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው፣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ ስለዚህ እኛ ቤት ዘልዝለን ቋንጣ እናደርገዋለን፣ የቀረው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል፣ ቅባት ስለሌለው ጥብሱ ቅቤ ይፈልጋል። ዘመድ ሲበዛ እንደ ቅርጫ መድበን እንካፈላለን። ይበላል አይበላም ለምትሉኝ ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል፣ የቀረውን የየራሳችሁን አባት ጠይቁ። ጥሬውን ግን አደራ፣ ቁርጥ እወዳለሁ የምትሉ ሁሉ የዱር ሥጋ ሐኪም ያላየው ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ ተገኝቷል፣ በሽታው የተገኘበትን አጋዘን ሥጋ አብስላችሁም ቢሆን አትብሉ፣ ስለዚህ ምርመራ በሚሰጥበት ቦታ አስመርምሩ። ከበዛባችሁ አዳኞች ለተራቡ የሚባለው የቨርጂኒያ ድርጅት ከ1991 ጀምሮ ሥጋ እየተቀበለ ለችግረኛ ያከፋፍላል፣ እኛም አንድ ዓመት ሰጥተናል።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ልመና አለኝ። የአዳኞች ኮርሱን ስወስድ እንግሊዝኛው ያልገባቸው ሁለት አባቶች ጀርባዬ ተቀምጠው ነበር፣ በእረፍት ሰዓት እያስረዳኋቸው ነው የጨረስነው፣ አንደኛው ጋሼ አገር ቤት በጠመንጃ ያደኑ ሰው ናቸው፣ ስለ እንስሳ ከአስተማሪው በላይ ያውቃሉ፣ ሕጉ ነው የቸገራቸው። ሴፕቴምበር ሳይደርስ የቨርጂኒያንና የሜሪላንድን የቀስት አደን ሕግ በአማርኛ አንድ ገጽ ብታወጡልን ብዙ ሰው ቆርጦ ኪሱ ይይዘዋል፣ እኔ ለመተርጎም ዝግጁ ነኝ፣ ያለ ክፍያ። ያንን የድሮውን 70 ፓውንድ ደጋንም ቁመቱ የሚመጥነው ሰው ካለ በነጻ እሰጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን ሱቅ ሄዶ ይለካ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ