ስኳር ላለባት፣ ፕሬድኒሶሎን ልትጀምር ላለች ልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? የድሬ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአንጀት ምርመራሽ ውጤት አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ መሆኑን፣ ሐኪሙም ብግነት የሚያበርደውን ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ በቀን 40 ሚሊግራም እንዳዘዘልሽ ከነገርሽኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ አንቺ ጋ ነው። በስልክ ያልኩሽ ግማሹ ስለሚረሳ በጽሑፍ አድርጌልሻለሁ። አስቀምጪውና ስትጠራጠሪ አውጥተሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ፣ ይህ ሕመም በርበሬ ስላበዛሽ ወይም ውጭ ስለበላሽ የመጣ አይደለም፤ ራስሽን አትውቀሺ። ያለብሽ ዓይነት 1 ስኳር የሚይዘው የሰውነት መከላከያ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ሲያጠቃ ነው። በኮላይቲስም መከላከያው መንገዱን ስቶ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ያቆስላል። አንጀትሽን የሚያየው ሐኪም ሌላ ነው፣ ስኳርሽን የሚከታተለው ሌላ። የአንዱ መድኃኒት የሌላውን ሥራ ሲያውክ ቀድመሽ የምታዪው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ስኳርሽንና የሰገራሽን ሁኔታ በአንድ ደብተር ጻፊ።

መድኃኒቱን ከመጀመርሽ በፊት ሰገራሽ ለአሜባና ለትል ተመርምሮ እንደሆነ፣ የሳንባ ነቀርሳም ተጣርቶ እንደሆነ ጠይቂ። አሜባ ልክ እንደ ኮላይቲስ ደም ያለው ተቅማጥ ያመጣል፤ አሜባ እያለ ፕሬድኒሶሎን ከተወሰደ አንጀት እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። የአንጀት ነቀርሳም ከአንጀት ብግነት ጋር በጣም ይመሳሰላል። በእኛ አገር ይህን ማጣራት ቅንጦት አይደለም፣ አትፈሪ፣ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ፕሬድኒሶሎን ጉበት ስኳር አብዝቶ እንዲለቅ፣ ጡንቻም የኢንሱሊንን ትእዛዝ እንዳይቀበል ያደርጋል። ግን ይህን ቀኑን ሙሉ እኩል አያደርገውም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከቁርስ ጋር ብትውጪው ስኳርሽ መውጣት የሚጀምረው እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከፍ ብሎ ይቆይና ሌሊት ይወርዳል። ስለዚህ በባዶ ሆድሽ ጠዋት ለክተሽ 110 ብታገኚ «ደህና ነኝ» እንዳትዪ፤ ያን ቀን ማታ 350 ልታገኚ ትችያለሽ። ከቁርስ በፊት፣ ከምሳ በፊት፣ ከእራት በፊትና ከመኝታ በፊት ለኪ። ስትሪፕ ካጠረሽ ከእራት በፊት ያለውንና የጠዋቱን አትተዪ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ማታ 300 ሲያይ ይደነግጥና የማታውን ኤንፒኤች፣ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን፣ ይጨምራል። የፕሬድኒሶሎኑ ኃይል ግን ሌሊት ስለሚቀንስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስኳሩ ወርዶ ላብ በላብ ሆኖ ይነቃል፤ ወይም አይነቃም። መጨመር ያለበት የጠዋቱ ነው። ጠዋት ከፕሬድኒሶሎኑ ጋር የተወጋ ኤንፒኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር ይገጥማል። ሐኪሞች ሲያሰሉ ለእያንዳንዱ 10 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን በክብደት ኪሎ 0.1 ዩኒት ያህል ተጨማሪ ኤንፒኤች ይዘው ይነሳሉ፤ ጣሪያው 0.4 ነው። አንቺ 50 ኪሎ ስለሆንሽ በ40 ሚሊግራም እስከ 20 ዩኒት ይመጣል ማለት ነው። ሐኪምሽ ከዚያ ዝቅ አድርጎ ሊጀምር ይችላል፣ ትክክልም ነው። ይህን የጻፍኩልሽ ስሌቱን ተረድተሽ እንድትጠይቂ እንጂ ራስሽ እንድትጨምሪ አይደለም።

ከመውጣቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ መውረዱ ነው። አንጀትሽ ሲረጋ ፕሬድኒሶሎኑን አብዛኛውን ጊዜ በየሳምንቱ 5 ሚሊግራም ይቀንሱታል። ያን ጊዜ የጨመርሽው ኢንሱሊንም አብሮ መቀነስ አለበት፤ በዚያው ስሌት 5 ሚሊግራም ሲቀነስ ከጠዋቱ ኤንፒኤች 2 ወይም 3 ዩኒት ይወርዳል። የአንጀቱ ሐኪም ፕሬድኒሶሎኑን ሲቀንስ ስለ ኢንሱሊኑ ላያነሳ ይችላል፤ «ኢንሱሊኑንስ ስንት ላድርገው?» ሳትዪ ከክፍሉ አትውጪ። ደህና ሆንኩ ብለሽ በአንድ ጊዜ ማቆምም የለም። ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል፣ ፕሬድኒሶሎኑ የሚተካውን ሆርሞን፣ መሥራት ሊተው ይችላል። ድንገት ካቆምሽው አቅም ያሳጣል፣ ያጥወለውላል፣ የደም ግፊትን ይጥላል፣ ስኳርንም አብሮ ያወርዳል።

ስኳርሽ ከ70 በታች ከወረደ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ 15 ደቂቃ ጠብቀሽ እንደገና ለኪ፤ አሁንም ካልወጣ ድገሚ። ተቅማጥ ሲበረታ ወይም ማቅለሽለሽ ሲኖር ምግቡ ሆድሽ ውስጥ መቆየቱ አይታወቅም፤ በዚያ ቀን ሬጉላሩን፣ ለምግብ የሚወጋውን አጭር ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን፣ ከምግብ በፊት ከመውጋት በልተሽ ከጨረስሽ በኋላ፣ በበላሽው ልክ ስለመውጋት ሐኪምሽን አማክሪ። ኤንፒኤቹን ግን ምንም ባትበዪ ጨርሰሽ አታቋርጪ። ይቀነስ ይሆናል እንጂ አይቆምም። ጠበል ስትሄጂም ይህንኑ ያዢ፤ ጠበሉንም ጠጪ፣ መርፌሽንም ተወጊ።

የሆድ ሕመም ሲመጣ መጀመሪያ ጣትሽን ወግተሽ ስኳርሽን ለኪ። ኪቶን፣ ኢንሱሊን ሲያንስ ደም ውስጥ የሚጠራቀመው አሲድ፣ ሲበዛ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ከኮላይቲስ ማገርሸት ጋር ይመሳሰላል፤ «አንጀቴ ነው» ተብሎ ሰዓታት ይባክናሉ። ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ ካስመለሰሽ፣ ውኃ ጥሙ ከበረታ፣ ትንፋሽሽ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ ሽንትሽን በኪቶን ስትሪፕ ፈትሺ፤ ሁለት የመደመር ምልክት (++) ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ስትሪፑ ከሌለሽ፣ ሳትዘገዪ ሆስፒታል ሂጂ። ስኳሩ ደህና ሆኖ ደም ያለው ሰገራ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ካስቀመጠሽ፣ በዚያ ላይ ትኩሳትሽ ከ37.8 ወይም የልብ ምትሽ በደቂቃ ከ90 ካለፈ፣ እሱ የኮላይቲሱ ከባድ መልክ ነው፤ ያውም የሚታከመው ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊሸፍን ስለሚችል ሙቀትሽ ትንሽ ነው ብለሽ አትዘናጊ። በዚያ ጊዜ ተቅማጥ ማቆሚያ ሎፐራማይድ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትውሰጂ፤ አንጀትን ሊያስነፋ ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ኮላይቲሱን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ፈሳሽ ባጠረው ሰው ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ ስኳር አለበት ብለሽ አትሽሺው። አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ሲበጠበጥ ያለው ግሉኮስ 13.5 ግራም ነው፤ በአንድ ብርጭቆ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያነሰ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ግን ከ30 ግራም በላይ አለው። ለተቅማጥ ኦአርኤሱ፣ ለወረደ ስኳር ለስላሳው፤ ቦታቸውን አታለዋውጪ።

የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ፣ ኤዋንሲ የምትሉት፣ ደም በሚያፈሰው አንጀት ምክንያት ሊያሳስት ይችላል። የብረት እጥረት የደም ማነስ ቁጥሩን ከእውነቱ ከፍ ያደርገዋል፤ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ደም መውሰድ ወይም የብረት ሕክምና ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ሐኪሙ በዚያ ቁጥር ብቻ ኢንሱሊንሽን ሊቀይር ሲል ደብተርሽን አሳዪውና የሂሞግሎቢንሽን፣ የደም ማነስ መለኪያውን፣ መጠን ጠይቂ።

ምግብን በተመለከተ፣ ሕመሙ ሲነሳ ጎመን፣ ያልተፈጨ ጥራጥሬ፣ ጥሬ አትክልትና አብሽ ለጊዜው ቀንሺ። ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ይሻሉሻል፤ ሩዙና ድንቹ ስኳር በፍጥነት ስለሚያወጡ ግን በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ሲያልፍ ወደ ሽሮሽና ምስርሽ ተመለሺ። በዚህ ሁኔታ ጾም አትያዢ፤ ንስሐ አባትሽን ብታማክሪ ይህንኑ ይሉሻል ብዬ አምናለሁ። ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም ጠይቂ፣ ፕሬድኒሶሎን አጥንትን ያሳሳልና።

ኢንሱሊንሽ በድሬ ሙቀት ሜዳ ላይ አይቀመጥ። ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋበት የሚቆይ ከሆነ እርጥብ አሸዋ የያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አኑሪው፤ ብልቃጡ ግን በፌስታል ይጠቅለል። ፕሬድኒሶሎኑ ስኳርሽን የሚያወጣበት ሳምንት ነውና የተበላሸ ኢንሱሊን ከታከለበት ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

የደብተርሽን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በየእሑዱ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ የፕሬድኒሶሎኑ መጠንና የኢንሱሊኑ ዩኒት በአንድ መስመር ላይ ይሁኑ።

እናትሽ