«ማን ግራንጀረው?» - የእንግሊዝኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮም ክርክሩና የስፔሊንግ ውድድሩ እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ የምናቀርበው «የሳምንቱ ቃል»ም አልተቋረጠም። ተማሪው የያዘው ግን አንዱን ቃል ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን የባዮሎጂ መጽሐፍ ይዛ መጣች። የልብ ሥዕል ያለበት ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ተወስዷል። «ቲቸር፣ ይሄ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። «መስረቅ» ብያት በተገላገልኩ ነበር። ግን እኮ የራሱ ግስ አለው፦ ግራንጀራይዝ።

ጄምስ ግራንጀር በኦክስፎርድሺር፣ ሺፕሌክ በምትባል መንደር ቄስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1769 የእንግሊዝን ስመ ጥር ሰዎች ታሪክ አሳተመ። ሰዎቹን በ12 መደብ ከፈላቸው። አንደኛው የነገሥታት ነው፤ መጨረሻው ላይ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎችና ወንጀለኞች አብረው ተቀምጠዋል። (ልጆቹ የወደዱት ይሄንን ነው።) መጽሐፉ የማን ምስል እንዳለ ይዘረዝራል እንጂ ራሱ ሥዕል የለውም። አንባቢው ታዲያ ከሌላ መጽሐፍ እየቆረጠ፣ በገጾቹ መካከል እያስገባ እንደገና ማስጠረዝ ያዘ። የምስሎች ዋጋ ናረ፤ ስንቱ አሮጌ መጽሐፍ ተገነጣጠለ። ካሊፎርኒያ፣ ሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በዚሁ መንገድ አብጦ 60 ቅጽ የሆነ መጽሐፍ ቅዱስ አለ።

ግራንጀር በ1776 ሞተ። ከስሙ ግስ የወጣው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ምላጭ ያነሱት አንባቢዎቹ፣ ስሙ የጠፋው የቄሱ! ይሄ እስካሁን ያሳዝነኛል።

እንግሊዝኛው መቶ ዓመት የፈጀበትን ልጆቻችን በአንድ ሳምንት ጨረሱት። «እስክሪብቶዬን ማን ግራንጀረው?» ተባለ። አንዱ የጓደኛውን ዳቦ ጎርሶ «ተግራንጅሯል» አለው። በሰዋስው ላርማቸው አሰብኩና ተውኩት።

ግንቦት ላይ ክበቡ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የተጎዱትን መጻሕፍት ለየ። የጎደሉትን ገጾች ከደህናው ቅጂ ፎቶ ኮፒ እያደረግን በሙጫ ለጠፍን። የአስተዳደሩ ቶነር አለቀ፤ ይቅርታ ጠይቀናል። ያቺ ልጅ ቀና ብላ «ቲቸር፣ አሁን እኛም ግራንጀራይዝ እያደረግን ነው እኮ!» አለች። ልክ ነበረች። ፎቶ ኮፒው ጥቁርና ነጭ ስለሆነባት ልቡን በቀይ እስክሪብቶ ቀባችው።