ደብዳቤ ለልጄ፦ ወጥመዱን ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለልጄ ለዳኜ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህም ሰላም ብሎሃል። ስለ አሳ ኩሬህ በስልክ የጀመርነውን ወሬ ኔትወርኩ ግማሹን ስለበላው ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

በቴሌግራም የላክኸውን ፎቶ አየሁት። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈው ጥቁሩ የአሳ ወጥመድ ነው ያማረህ። ሻጩ «ትልቁንም ትንሹንም ይይዛል» አለኝ ብለህ ደስ ብሎህ ነገርከኝ። ችግሩ እኮ እሱ ነው። ትልቁ ገና ሊያድግልህ ነው፤ ምን ቸኮልክበት? አሁን ከኩሬህ መውጣት ያለበት ትንሹ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። ኩሬህ ውስጥ ያለው አሳ፣ ቆሮሶ፣ ወላድ ነው። ውሃው ሞቅ ካለለት በወር፣ በወር ከምናምን ይፈለፍላል። እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው። ጫጩቶቹ ወጥተው መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳን አንድ ነገር ሲያስደነግጣቸው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ተጠብቆ ያደገ ነገር አብዛኛው ይተርፋል። ጣና ላይ ቢሆን አሳ በሊታው አምባዛም ወፉም ይቀንሰዋል። አንተ ኩሬ ውስጥ ግን ማን ይቀንሰው? ደግሞ ኩሬ ውስጥ ያለች ቆሮሶ ለአካለ መጠን ለመድረስ ጊዜ አትፈጅም። 50 ግራም እንኳን ሳትሞላ መውለድ የምትጀምር አለች። ልጆቿም እንደሷው ቶሎ ይወልዳሉ። ከዚያ ኩሬው መዳፍ በማታክል አሳ ይሞላል።

«ዓመቱን ሙሉ ቀለብኩት፣ አላድግ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ገበያ ላይ ብዙ አጋጥመውኛል። ዘሩን ይረግማሉ። ዘሩ ምንም አላደረጋቸው። ፍሩሽካውንና ፋጉሎውን የሚጨርሰው ሌላ ሠራዊት ነው።

ስለዚህ ወጥመድህ ሁለት ልክ ይኑረው። አንደኛው የመግቢያው ጥበት ነው። እሱ ትልቁን ከውጭ ያስቀረዋል። ሁለተኛው የሽቦው ዓይን ነው። እሱ ደግሞ ገና ያልደረሰውን ጫጩት አሾልኮ ይለቅልሃል። መግቢያው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሦስት ጣትህን ገጥመህ ብትለካው እዚያው ነው። ለገበያ የምታሳድገው ቆሮሶ ከጀርባው እስከ ሆዱ ከዚያ ይሰፋል፣ ቢፈልግም አይገባም። የሽቦው ዓይን 1 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ፎቶው ላይ ያየሁት ግን ዓይኑ እንደ ሻይ ማጥለያ ነው። መግቢያው ደግሞ ጭንቅላት ያስገባል። እሱን ገዝተህ ምን ልታደርገው ነው?

ስለዚህ ራስህ ሥራው። ከባድ አይደለም፣ አንተ ፒንሳ መያዝ ታውቅበታለህ። 1 ሜትር ከ30 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት ያስፈልግሃል። ረጅሙን ጎን ጠቅልለህ ዳርና ዳሩን በማሰሪያ ሽቦ ስፋው። ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ 80 የሚረዝም ቀፎ ይወጣልሃል። ቅርጹ እንዳይጣመም ሁለቱን ጫፍ በቀጭን ብረት ቀለበት አጠንክረው። አንዱን ጫፍ በወንፊት ድፈነው። እዚያው ላይ እጅህን የምታስገባበት በር ተውለት። በሌላው ጫፍ ጉሮሮውን ትሠራለህ፤ ከውጭ የቀፎውን ሙሉ ስፋት ያህል ሆኖ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚገባ። ርዝመቱ የቀፎውን ሲሶ ያህል ይሁን። የጠበበው ጫፍ ግድግዳ ሳይነካ መሀል ላይ ይንጠልጠል።

እዚህች ላይ ልብ በል፤ ወጥመድ የሚሠራውም የማይሠራውም በዚህች ነው። አሳ የታሰረ ሲመስለው መሀሉን አይፈልግም፣ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። ጉሮሮው መሀል ከተንጠለጠለ ሲዞር ከጎኑ ያልፋል እንጂ ቀዳዳውን አያገኘውም። ጉሮሮውን አሳጥረህ ከግድግዳው ካስጠጋኸው ግን ማባበያህን በልቶ በገባበት ይወጣል። የተቆረጠ ሽቦ ጫፍ ወደ ውስጥ አፍጥጦ እንዳይቀርም በፒንሳ እጠፈው። ቆዳው የተጫረ አሳ ቶሎ ይሻግታል፣ ይታመማል።

ሌላ ጊዜ ሽቦው ተወደደ ካልክ የቀርቀሃ ስንጥቅ ያስኬዳል፤ ጎርጎራም ሆነ ባሕር ዳር ዙሪያ ቅርጫት የሚሠራ አይጠፋም። ደንገሉን ግን እርሳው። ታንኳው እንኳን ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይወጣል። ውሃ ውስጥ ለሚውል ለሚያድር ወጥመድ አይሆንም።

አጎበር እንዳትነካ! የጎረቤትህ ልጅ በአሮጌ አጎበር እንሥራው አለኝ ብለሃል። የወባ አጎበር መድኃኒት የተነከረ ነው። ትንኟን የሚገድለው መድኃኒት ለአሳ ደግሞ እጅግ መርዝ ነው። ብርብራም ያው ነው፤ ድሮ ወንዝ ላይ ፍሬውን ወቅጠው ይበትኑት ነበር፣ አሳው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ትልቅ ትንሽ አይመርጥም። በሕግም ክልክል ነው። የራስህን ኩሬ በራስህ እጅ እንዳትፈጀው።

ማባበያውን በተመለከተ ሀብታም አትሁን። ፋጉሎውን በትንሽ ፍሩሽካ ለውሰህ፣ በጭብጥ በጭብጥ አድርገህ፣ በተበሳሳ ሃይላንድ ውስጥ ክተትና መሀሉ ላይ እሰረው። ሽታው ይወጣል፣ ምግቡ ግን ቶሎ አያልቅም። ወጥመድ በምትጥልበት ጠዋት አትቀልባቸው። የጠገበ አሳ ወጥመድ ምን ያደርግለታል?

ቦታው ጠርዙ ላይ ነው፣ ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍበት። ትናንሾቹ ፀሐይ የሞቀውን ውሃ ይወዳሉ። ወጥመዱን አጋድመህ ስታስቀምጠው ጀርባው በትንሹ ከውሃው በላይ ይታይ። ቆሮሶ በቀን ነው የሚበላ፤ ስለዚህ ረፋድ ላይ ጥለህ ከሰዓት በኋላ አውጣው። አታሳድረው። ውሃህ አረንጓዴ ነው ብለኸኛል። አረንጓዴ ውሃ ቀን አየር ይሰጣል፣ ሌሊት መልሶ ይወስዳል። ሊነጋጋ ሲል አሳ አፉን ከላይ አውጥቶ ሲያለከልክ የምታየው ለዚያ ነው። ቀፎ ውስጥ ታጭቆ ያ ሰዓት የደረሰበት አሳ ሙቶ ነው የምታገኘው። አንተ ያለህበት መራዊ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ይበርዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውሃው ሲቀዘቅዝ ምግብም ስለሚቀንሱ ወጥመዱ ባዶ ሲወጣ ሠሪውን እንዳትጠረጥር።

አምባዛ ልጨምርበት ወይ ላልከኝ፣ አዎ ጨምር። ጫጩቱን እየለቀመ ያግዝሃል። ግን ቆሮሶዎችህ ጠንከር ካሉ በኋላ፣ አምባዛዎቹም ከነሱ አንሰው ይግቡ። ካልሆነ የሚለቅመው ጫጩቱን ብቻ አይሆንም። እሱን ማጥመድ ስትፈልግ ሌላ ወጥመድ ነው፣ ጠባዩም ሌላ ነው። በሌሊት ነው የሚንቀሳቀስ፣ ሽታ ተከትሎ ነው የሚመጣ። የዶሮ አንጀት ወይም የአሳ ሆድ ዕቃ ብታስርለት ከሩቅ ይሰማዋል። ሰውነቱ ሙልጭልጭ ስለሆነ በገባበት ተሸብልሎ ይወጣል። ስለዚህ ጉሮሮው ጫፍ ላይ የቀርቀሃ ስንጥሮችን ወደ ውስጥ አሹለህ እሰር፤ ሲገባ ገለል ይሉለታል፣ ሲወጣ ይወጉታል። ከላይም አየር ስለሚስብ የወጥመዱ ጀርባ ከውሃ በላይ መሆኑ ለሱ የግድ ነው። ስታወጣው ከጭንቅላቱ ኋላ ጠበቅ አድርገህ ያዝ። የጎን ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ሲወጋ ቀልድ የለውም፣ የኔን መዳፍ ታውቀዋለህ። አምባዛና ቆሮሶ በአንድ ወጥመድ አታሳድር፤ ጠዋት የምታገኘው አንዱን ብቻ ነው፣ እሱም ጠግቦ።

እያንዳንዱን ወጥመድ በገመድ ዳር ላይ ካለ ችካል እሰረው። የኋላውን በር ደግሞ በላስቲክ ገመድ ሳይሆን በቃጫ እሰር። ገመዱ ተበጥሶ ወጥመዱ ጭቃ ውስጥ ቢቀር ቃጫው ይበሰብስና በሩ ይከፈታል። ካልሆነ ማንም ሳያየው ዓመቱን ሙሉ እያጠመደ ይገድላል።

«መረብ ብዘረጋስ?» ብለህ ነበር። ይሄን ለእናትህ ተውላት፣ ስንት ዘመን አሳ በልቼ ሸጬ ነው ያሳደግኩህ። መረብ ላይ ያደረ አሳ ገና ሳይበለት ይታወቀኛል። ቅርፊቱ ተልጧል፣ ወገቡ ላይ የክር ምልክት አለ፣ ስንጥቡ ገርጥቷል፣ ሆዱን በአውራ ጣት ስትጫነው ተመልሶ አይነሳም። እንዲህ ያለውን ደንበኛ ዋጋ ይሰብርበታል። ከወጥመድ የወጣ ግን በሕይወት አለ። የማትፈልገውን ትመልሳለህ፣ የምትፈልገውን በባልዲ ይዘህ ትሄዳለህ። ትልልቆቹን ለሁዳዴ ገበያ ስታወጣ ኩሬውን አጉድለህ በጎታች መረብ አንዴ ትሰበስባለህ፤ ያ ሌላ ቀን ነው።

የሚወጣውን ትንሹን ደግሞ እንዳትጥለው። በሕይወት ያለ የአሳ ጫጩት ኩሬ የቆፈረ ሁሉ ይፈልገዋል። አንተ ራስህ ስንት ቦታ ደውለህ እንዳገኘኸው አትርሳ። ብቻ ኦክስጅኑ እንዳያልቅበት በማለዳ፣ ሰፋ ባለ ጀሪካን፣ ሳታጭቅ። ቀሪውን ጥበሰውና ብላ፣ እንደ ድንች ጥብስ ከነአጥንቱ ይበላል። ከዚያም የተረፈው ደርቆ ለዶሮዎችህ ይሆናል።

ሌላ አንድ ነገር፣ ክረምት ሲገባ ቦዩም ዝናቡም አብረው ይመጣሉና ኩሬው የሚፈስበትን አፍ አሁኑኑ በወንፊት ክደነው። አምባዛ እርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ የሚሄድ አሳ ነው፣ አጥሩን ዝቅ ብለህ ጠጋግነው።

አባትህ የሽቦ ወንፊቱን ከዚሁ አስቆርጦልሃል። ቅዳሜ በሚኒባስ እልከዋለሁ፣ ታርጋውን በስልክ እነግርሃለሁ። ማሰሪያ ሽቦ ግን አልገዛሁም፣ መራዊ አታጣም። ጉሮሮውን ስትጨርስ ውሃ ውስጥ ሳትከተው በፊት ከፊት ለፊትና ከጎን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

እናትህ