ስለ ነሐሴ 23 የምሽት የጫካ ጉዞ

ግንቦት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (ሜይ 30 ቀን 2026)
ስቶክሆልም

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ልጆቻችሁን ነሐሴ 23 ቀን 2018 (ቅዳሜ፣ ኦገስት 29) ቬስትማንላንድ ውስጥ ሺንስካተበርይ አጠገብ ወዳለው ጫካ ሊወስዳቸው አስቧል። ከአካባቢው አስጎብኚዎች ጋር ሆነን ቢቨር (ዛፍ በጥርሱ የሚቆርጥ የወንዝ እንስሳ) እና ኤልይ (ትልቅ፣ ረጅም እግር ያለው የጫካ እንስሳ) ስንፈልግ እናመሻለን፤ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ኪስታ እንመለሳለን። ጉዞው ገና ሦስት ወር ቢቀረውም ደብዳቤውን አሁን የምልከው በምክንያት ነው፤ ከታች ስለ መዥገር የጻፍኩትን እባካችሁ ሳታነቡ አትለፉት።

አንዳንዶቻችሁ ወሬውን ቀድማችሁ ሰምታችሁ፣ አማርኛ ለማስተማር ጫካ ምን ያደርጋል ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጆቻችን አማርኛን የሚያውቁት ከወጥ ቤትና ከስልክ ጋር ነው፦ ብላ፣ ነይ፣ ተኛ፣ አያትሽን ሰላም በያት። የገረማቸውን፣ ያስፈራቸውን፣ ያስደሰታቸውን ነገር ሊነግሩን ሲፈልጉ ወዲያው ወደ ስዊድንኛ ይሄዳሉ። ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ይህን ለመለወጥ ብዙ ደክመናል። ልጅ የሚናገረው የሚናገርለት ነገር ሲኖረው ነው፤ ያም ነገር ከመጽሐፉ ውጭ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እኛ ወላጆችም ለዚህ አገር ጫካ እንግዶች ነን። ከስዊድን መሬት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደን ነው፤ አብዛኞቻችን ግን ከመኖሪያ ሰፈራችን ጀርባ ካለው ዛፍ አልፈን አናውቅም፣ ሲመሽማ ጭራሽ። ጅብ ይመጣል፣ በር ዝጉ ተብለን ነው ያደግነው፤ ያ ፍርሃት ባደግንበት ቦታ ትክክል ነበር። ልጆቻችን ግን የተወለዱት እዚህ ነው። በመሬቱ ላይ እንደ ባለቤት እንዲራመዱ ከፈለግን አብረናቸው መግባት አለብን።

ቦታው ቤርይስላገን ይባላል፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ብረት ሲቀለጥበት፣ ለብረቱም ከሰል ሲከሰልበት የኖረ አገር ነው። ዛሬ ጥድና ቢዮርክ የሚባለው ግንደ ነጭ ዛፍ ወርሶታል። ሄድስትሮመን የሚባለው ወንዝ በመካከሉ ያልፋል፤ ቢቨሮቹ ያሉት እዚያ ላይ ነው።

ስለ ቢቨር ትንሽ ልበል፤ ታሪኩን ለልጆቹ ከጉዞው በፊት ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ስዊድን ውስጥ የመጨረሻው ቢቨር የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1871 አካባቢ የምትላንድ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ነው። ለፀጉሩ፣ ለሥጋው፣ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ለሚወጣውና ለመድኃኒት ይፈለግ ለነበረው ቅባት ሲባል ታድኖ አለቀ። እንዳይገደል የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1873 ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በ1922 ከኖርዌይ የመጡ ቢቨሮች እዚያው የምትላንድ ውስጥ ቢዩርኤልቨን ወንዝ ላይ ተለቀቁ፤ እስከ 1939 ድረስ በልዩ ልዩ ቦታ የተለቀቁት በድምሩ ሰማንያ ገደማ ናቸው። ዛሬ በአገሪቱ ያሉት ከመቶ ሺህ በላይ ሆነዋል። ይህን ሳስብ ዋልያ ትዝ ይለኛል። ቢቨርን ለመመለስ ኖርዌይ ነበረች። ዋልያ ግን ከስሜን ተራሮች በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለም፤ ካለቀ የሚመጣበት የለውም። ልጆቻችን ይህን ልዩነት አውቀው ቢያድጉ አንድ ቀን ለአገራቸው የሚጠቅም ነገር ይሠሩ ይሆናል።

ልጆቹን ከመውሰዳችን በፊት በዚህ ወር ከሁለት መምህራን ጋር ሄደን አይተናል። ወንዙ ዳር አስጎብኚው ያሳየን የተቆረጠ ዛፍ አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆምን። ጉቶው እንደ እርሳስ ጫፍ ሹል ሆኖ ቀርቷል፤ ዙሪያውን የተበተነው ፍቅፋቂ ገና ነጭና እርጥብ ነበር፤ በእያንዳንዱ ፍቅፋቂ ላይ የሁለቱ የፊት ጥርሶች ቦይ ጎን ለጎን ይታያል። የቢቨር የፊት ጥርስ በውስጡ ብረት ስላለው ብርቱካንማ ነው፤ ዕድሜ ልኩንም ያድጋል፣ ካላፋቀበት ይረዝምበታል። ሊመሽ ሲል ውኃው ላይ በቀጭኑ እየተከፈተ የሚሄድ መስመር አየን፤ ከፊቱ ጠቆር ያለ ጭንቅላት አለ። ከመካከላችን አንዱ የጃኬቱን ዚፕ ሲዘጋ ጅራቱ ውኃውን በኃይል መታና ጠለቀ። ይህ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ቢቨር ውኃ ውስጥ እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ትንፋሹን ይዞ መቆየት ስለሚችል ያንኛውን እንደገና አላየነውም። ለልጆቹ ዝምታ ምን እንደሚሠራ ከዚያች ዚፕ የበለጠ የማስረዳበት መንገድ የለኝም።

ኤልይዋን ያየናት ከዚያ በኋላ፣ በጫካና በእርሻ መካከል ባለ ሜዳ ላይ ነው። የብርዱ ወራት ፀጉሯ እዚህም እዚያም ረግፎ ቆዳዋ ዝንጉርጉር መስሏል። የአስጎብኚው መኪና ሲቆም ቀና አለች፤ አንዱ ጆሮዋ ወደ እኛ፣ ሌላው ወደ ጫካው ዞረ። የኤልይ ዓይን ደካማ ነው፣ ጆሮዋና አፍንጫዋ ግን አይታለሉም። ያለፈው ዓመት ጥጃዋ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ በቀረበ ቁጥር ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ታባርረዋለች። አዲሱን ልትወልድ ሲደርስ፣ በሜይ መጨረሻና በጁን፣ እናት ኤልይ የአምናውን ልጇን እንዲህ ነው የምታሰናብተው። አብራኝ የነበረችው መምህርት እንባዋ መጣ።

በነሐሴ መጨረሻ ስንሄድ የዘንድሮዎቹ ጥጆች ከእናታቸው ጋር ይሆናሉ፤ ኮርማዎቹ ደግሞ ቀንዳቸውን የሸፈነውን ፀጉራም ቆዳ በዛፍ እየፈተጉ የሚገፉበት ወቅት ነው። ይህን ቀንድ ከዚህ አገር ፀደይ ጀምሮ ነው የሚያበቅሉት፤ በብርዱ ወራት ይጥሉትና ደግሞ እንደገና ያበቅላሉ። የኒያላ ወይም የዋልያ ቀንድ ከነባለቤቱ ይኖራል እንጂ አይወድቅም። ኤልይ ፈረንጆች ዲር (deer) የሚሉት፣ እኛ አገር የሌለ ወገን ነው፤ እኛ አጋዘን ከምንለው ባለ ጠመዝማዛ ቀንድ እንስሳ የተለየ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የዚህ ወገን እንስሳ በተፈጥሮው አይገኝም። አባቶች፣ ልጆቻችሁ ይህን ስትነግሯቸው ፊታቸውን ተመልከቱ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ አውሬ በቀጠሮ አይመጣም። ቢቨርም ኤልይም ሳናይ ልንመለስ እንችላለን። ልጆቹን "ታያላችሁ" ብላችሁ አትሸኙልኝ፣ "ፈልጉ" በሏቸው።

አሁን ወደሚያሳስባችሁ ልምጣ። ተኩላስ? ድብስ? አዎ፣ ስዊድን ውስጥ ጥቂት መቶ ተኩላዎች አሉ፤ በዚያ አካባቢም ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከአገሪቱ ጠፍተው ነበር ማለት ይቻላል፤ በ1983 ቬርምላንድ ውስጥ እንደገና ተወለዱ። ከሰው ይሸሻሉ። በዚህ አገር የዱር ተኩላ ሰው ከገደለ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ድቦቹ ደግሞ በብዛት የሚኖሩት እኛ ከምንሄድበት በስተሰሜን ነው። እኔን ከሁለቱም ይልቅ የሚያሳስበኝ መዥገር ነው።

መዥገር በዋናነት ሁለት በሽታ ያስተላልፋል። ቦረሊያ በመድኃኒት ይድናል፤ ከተነከሱበት ቦታ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሰፋ ቀይ ክብ ካያችሁ ወደ ጤና ምክር መስመሩ 1177 ደውሉ። ሁለተኛው ቴቤኤ የሚባለው የአንጎል ሕመም ነው፤ የሚፈውሰው መድኃኒት የለም፣ ክትባት ግን አለ። ለመጀመሪያው ወቅት ሁለት መርፌ ያስፈልጋል፤ በመካከላቸው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይቆያል። አሁን ከጀመራችሁ ለነሐሴ 23 ይደርሳል፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ካሰባችሁት ግን አይደርስም። ደብዳቤው ዛሬ የወጣው ለዚህ ነው። እባካችሁ ቮርድሴንትራላችሁን (ጤና ጣቢያችሁን) ጠይቁ፤ ግዴታ አላደርገውም፣ ግን ከልብ እለምናችኋለሁ። ያልተከተበም ልጅ ቢሆን ረጅም ሱሪና ካልሲ ለብሶ፣ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ይመጣል። ሌሊቱን ቤት ስትደርሱ ብብት፣ ጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላና የፀጉር ሥር ሳታዩ አታስተኟቸው።

በየራሳችን መኪና እንሂድ ላላችሁም መልሴ አይሆንም ነው። በዚህ አገር በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር የኤልይና የመኪና ግጭት ይደርሳል፤ ብዙው ደግሞ በማለዳና በምሽት ነው። አንድ ኮርማ አራትና አምስት መቶ ኪሎ ይመዝናል፣ እግሩ ረጅም ስለሆነ ሲመታ የሚወድቀው መስታወቱ ላይ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ያለው አውቶቡስ ተከራይተናል፤ ሁሉም ልጅ በእሱ ይሄዳል፣ በእሱ ይመለሳል። ጀልባ ላይ አንወጣም፤ ቢቨሮቹን የምንጠብቀው ከዳር ሆነን ነው።

ሰዓቶቹን በስዊድን አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ እንዳንሳሳት። 15:00 ከኪስታ እንነሳለን፤ በኤንሼፒንግና በቬስተሮስ በኩል ሁለት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። 17:30 እሳት ዳር እንበላለን። ከ18:30 ጀምሮ ወንዙ ዳር እንቀመጣለን፤ ፀሐይ የምትጠልቀው 20:00 አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ በአስጎብኚዎቹ መኪኖች በጫካው መንገድ ቀስ እያልን እንዞራለን። 23:45 ገደማ ኪስታ እንደርሳለን።

ምግብን በተመለከተ፣ የአካባቢው ሰዎች ለእንግዳ የሚሠሩት ኮልቡለ የሚባል፣ ጨዋማ የአሳማ ሥጋ የሚገባበት ቂጣ ነው፤ ድሮ ከሰል አክሳዮች ይበሉት የነበረ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤተሰባችን እንዲበላው ያለ ሥጋ በአትክልት እንዲጋግሩልን ተስማምተናል። ፍልሰታ ሳምንት ቀደም ብሎ ስለሚፈታ የጾም ጉዳይ አይኖርም። ሻይና ዳቦ እኛ እናመጣለን። እናቶች፣ ድፎ ዳቦ እንጋግር ካላችሁ እጃችሁን እንስማለን።

ልብስ ጨለም ያለ ቀለም፣ የማይንኮሻኮሽ ይሁን። በነሐሴ መጨረሻ ሲመሽ ይበርዳልና ሹራብ፣ ቆብና የጎማ ቦቲ ያስፈልጋል። ሽቶ የተቀባ ልጅ ኤልይ አያይም፣ አጠገቡ ያለውም እንዲሁ። ስልክ አውቶቡስ ውስጥ ይቀራል። የእኔና የመምህራኑ ስልክ ክፍት ነው፤ ብትደውሉ እናነሳለን።

ማንም ሰው በዚህ አገር ጫካ ውስጥ መሄድ፣ እንጆሪውንና እንጉዳዩን መልቀም ይፈቀድለታል። አለማንስሬተን የሚባለው ይህ መብት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ወረቀት የያዘና ያልያዘ፣ ትናንት የመጣና እዚህ የተወለደ አይልም። በምላሹ የሚጠየቀው እንዳንረብሽና እንዳናበላሽ ነው። ልጆቹን ይህን ከሰኔ ጀምረን እናስጠናቸዋለን። እንጉዳይ ግን በዚህ ጉዞ ማንም አይለቅምም፤ ገዳዩን ከሚበላው የሚለይ ሰው ከመካከላችን የለም።

ዕድሜያቸው ከ9 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች መምጣት የሚችሉት ከወላጅ ጋር ብቻ ነው። ለሌሎቹም ቢሆን ከየቤቱ አንድ ሰው ቢመጣ ምንኛ ደስ ባለኝ። በተለይ ገጠር ያደጋችሁ፣ ከብት የጠበቃችሁ፣ ኮቴ አይታችሁ የሄደበትን የምትለዩ እፈልጋችኋለሁ። ልጆቻችሁ የእንስሳውን ስም በስዊድንኛ ያውቁታል፤ መሬቱን ማንበብ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ያየውን ወይም የሰማውን አንድ ነገር በአማርኛ ለወላጁ ይነግራል፤ ወላጁ ያልመጣ ልጅ ለማን ይንገር?

ክፍያው ለአንድ ሰው 350 ክሮነር ነው፤ ቀሪውን ትምህርት ቤቱ ይሸፍናል። ሦስትና አራት ልጅ ያላችሁ፣ ወይም በዚህ ወቅት የተቸገራችሁ፣ ለእኔ ብቻ በስልክ ንገሩኝ። በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ አይኖርም፤ ማን እንደከፈለና እንዳልከፈለም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ሞልታችሁ፣ የአስምና የአለርጂ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካላችሁ ለይታችሁ ጽፋችሁ፣ እስከ ነሐሴ 9 (ኦገስት 15) ድረስ በልጆቻችሁ እጅ ወይም በኢሜይል ላኩልኝ። የአውቶቡሱን መቀመጫ የምናረጋግጠው በዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቅጽ በተጠባባቂ ይያዛል።

መልካም የበጋ ዕረፍት እመኝላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር