ለልጄ፦ አብረው ያየሻቸውን ብቻ ጻፊ

ውድ ልጄ ሕሊና፣

እንደምን ሰንብተሻል? በስልክ የላክሽልኝን የወፍ መዝገብሽን ፎቶ እዚሁ የጭነት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደጋግሜ አየሁት። በክፍላችሁ መስኮት ፊት ለፊት በተሰቀለው የወፍ መመገቢያ ቺካዲ የምትባለዋ ትንሽ ወፍ ስትመላለስ ረፋዱን ሙሉ ቆጥረሽ ሳለ፣ አስተማሪሽ «ሁለት» ብለሽ እንድትጽፊ ማድረጓ ቅር እንዳሰኘሽ ነግረሽኛል። እኔ ግን አስተማሪሽ ልክ ናት እላለሁ። ቺካዲ አንዲት የሱፍ ፍሬ አንሥታ ወደ ቅርንጫፍ ትበርራለች፤ ፍሬዋን በእግሮቿ ይዛ በመንቁሯ እየቀጠቀጠች ትሰብርና በልታ ትመለሳለች። በመጣች ቁጥር ከደመርሽ አንዷን ወፍ አሥር ታደርጊያታለሽ። በአንድ ቅጽበት አብረው የታዩትን ከጻፍሽ ግን፣ ቢያንስ ያን ያህል ወፍ መኖሩን ማንም ሊጠራጠር አይችልም።

ፕሮጀክት ፊደርዋች የሚባለው በመመገቢያ ላይ የሚታዩ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1976 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ተጀምሮ፣ በ1987 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ላቦራቶሪ ከገባበት ወዲህ በመላው ሰሜን አሜሪካ በብርዱ ወራት ይካሄዳል። እንደ አንቺ ያለች የሜሪላንድ ተማሪ የጻፈችው ከኦንታሪዮ ጡረተኛ መዝገብ ጋር ሊነጻጸር የሚችለው ሁሉም በአንድ ደንብ ስለሚቆጥሩ ነው።

የእኛው አካባቢ ለዚህ ትልቅ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 በዋሽንግተን ዙሪያ መመገቢያ የሚከታተሉ ሰዎች ሃውስ ፊንች የምትባለዋ ወፍ ዓይኗ አብጦና ቆስሎ፣ ሌሎቹ ደንግጠው ሲበርሩ እርሷ ማየት ተስኗት እዚያው ስትቀር አዩ። መንሥኤው በዶሮዎች ዘንድ አስቀድሞ የሚታወቅ ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ነበር። በሽታው በጥቂት ዓመታት በምሥራቅ አሜሪካ ሲዛመት መንገዱን መከተል የተቻለው በእነዚያ ሰዎች ዘገባ ነው፤ የታመመች ወፍ ያላዩበትንም ቀን ሳይቀር ይመዘግቡ ነበርና። ባያደርጉ ኖሮ በሽታው ገና ያልደረሰበትን ስፍራ፣ ማንም ካልተመለከተው ስፍራ መለየት ባልተቻለ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ ወፍ ባይመጣም ገጹን ባዶ አትተዪው፤ ዜሮ ብለሽ ጻፊ።

ዓይኗ ያበጠ ወፍ ካየሽ በእጅሽ ሳትነኪያት ለአስተማሪሽ ንገሪ። መመገቢያው ይውረድ፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በርዛ እርሷ ትጠበው፣ በደንብ ተለቅልቆም ይድረቅ። ካርዲናል የሚባሉት ወፎች ማልደው ወይም ሊመሽ ሲል መምጣት ይወዳሉ ይባላል፤ በእናንተስ መመገቢያ እንዴት ነው? ሰዓቱን ጨምረሽ ጻፊልኝ።

ናፋቂ አባትሽ